ወሬውን ብቻ አሰሚኝ

አሰለፈችን የማያውቅ የአዳማ ቄስ የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ካባቸውን የምትሰፋው እሷ፣ የመቅደሱን መጋረጃ የምትሰፋው እሷ፤ በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ፀሐይ ላይ ከሚያብለጨልጨው ጥላ ግማሹ ከእሷ የስፌት መኪና ሥር የወጣ ነው። እኔ ቀመሪያ እባላለሁ፤ ከሱቋ አጠገብ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። የከፋይ ጨርቁን የምትወስደው ከእኔ ነው፣ በጥላው ዙሪያ የሚንጠለጠለውን ወርቃማ ዘርፍም ከአዲስ አበባ የማስመጣላት እኔ ነኝ። ሙስሊም ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያንን ነገር የማውቀው በጨርቁ በኩል ብቻ ነው። ግን ወላሂ፣ በጨርቁ በኩል ብዙ ነገር ይታወቃል።

ጥላ የሚያሰፋ ሰው ደስ ያለው ሰው ነው። ስለት ተስሎ የደረሰለት ነዋ። መካን ነበርኩ ወለድኩ የሚል ይመጣል፣ ሐኪም አይድንም ብሎኝ ዳንኩ የሚል ይመጣል፣ የፍርድ ቤት ጉዳዩ የተቋጨለት ይመጣል። አሰለፈች ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የሁሉንም ታሪክ ትሰማለች፤ ከሚያለቅሰው ጋር ታለቅሳለች፣ ከሚስቀው ጋር ትስቃለች። እሷ ግን ለራሷ ተስላ አታውቅም ነበር። ምነው ስላት፣ ኧረ እኔ ምን ጎድሎብኝ ትለኛለች። ያን ጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር እንኳን እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የተደገፈ ነበር።

እንዲህ ናት። ሰው መጠየቅ አታውቅበትም። ሥጋ ቤት ገብታ ከዳር ከዳሩ ካለህ ትላለች፤ ጤና ጣቢያ ወረፋዋ ሲደርስ ከኋላዋ ያለችውን አራስ ታስቀድማለች። ባሏ አለማየሁ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ መኪናው ተገልብጦ ሲሞት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ አሠሪውን ጠይቂ፣ መብትሽ ነው ቢላት፣ አስከሬኑን እስከ ቤት ካመጡልኝ ይበቃኛል አለች። እኔ ብሆን ጣሪያቸውን ነበር የማወርደው። ስናደድባት አንገቷን ደፍታ ትስቃለች፣ ይብስ እናደዳለሁ። እንደዚያው አንገቷን ደፍታ ልዑልሰገድን አሳደገች፤ አንድ ልጇ ነው።

ልዑልሰገድ እንደ አባቱ ሞጆ ገባ። ሹፌር ሆኖ ሳይሆን ጭነት አራጋፊ ሆኖ። ትከሻው እያበጠ ይመጣል፣ እናቱ በሞቀ ውሃ ታሸዋለች። አንድ ቀን ቢሾፍቱ ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ የተሰማው ከጅቡቲ ዳርቻ ነው። እማ አትቆጪ፣ ነገ እንሻገራለን፣ ሳውዲ ስገባ እደውላለሁ አላት። ከዚያ በኋላ አልደወለም። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። እሷ ሰፍታ ትውላለች፤ በር ላይ የሰው ጥላ ሲያርፍ ቀና ትላለች፣ የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ተመልሳ ትሰፋለች።

በመጨረሻ ተሳለች። ለኅዳር ጽዮን ከማኅበሯ ሴቶች ጋር ባቱ ወርዳ፣ በጀልባ ሐይቁን ተሻግራ ቱሉ ጉዶ ደሴት ሄደች። እዚያ ተራራው ጫፍ ላይ ያለችው ጽዮን ማርያም ከጥንት የነበረች ናት፤ በዮዲት ዘመን ታቦቷ ሸሽታ የተሸሸገችው እዚያ ነው ይባላል። ሰው ስለቷ ፈጣን ነው ይላል። አሰለፈች ስትመለስ ፊቷ ቀሎ ነበር። ጨርቅ እየቆረጥኩ ምን ብለሽ ተሳልሽ አልኳት። ስለት ሳይደርስ አይወራም ብላ አንገራገረች፣ ኋላ ግን ከእኔ ምን ትደብቃለች።

"ወሬውን ብቻ አሰሚኝ፣ በእጄ የሰፋሁትን ጥላ ይዤ እመጣለሁ አልኳት።"

መቀሱን አስቀመጥኩት። ሰው እናት ሆኖ፣ እዚያ ድረስ ተራራ ወጥቶ፣ ልጄን መልሺልኝ አይልም? ወሬ ምን ያደርግልሻል ብዬ ጮህኩባት። እሷ ደግሞ ክር እያስገባች፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ "ብዙ ይሆንባታላ፤ ስንቱ ነው የሚለምናት" አለችኝ። ያ ረቢ። እመቤታቸው እንዳትደክም አዝናላት ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል፣ መቀሴን አነሳሁ።

ወሬው ባለፈው ክረምት መጣ። ጫምሳ የሚባል የመቂ ልጅ ነው ያመጣው፤ ከልዑልሰገድ ጋር አብሮ የተሻገረ፣ ሳውዲ ታስሮ የተመለሰ። እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ፣ ሰው ደጋግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ይሄ ልጅ ግን ማን ያስተምረው፣ ብቻውን ነው፣ ሰፈሩን አያውቅም። በጠራራ ፀሐይ እየጠየቀ እየጠየቀ ሱቋ በር ላይ ደረሰና የልዑልሰገድ እናት እርስዎ ነዎት አላት። አዎ ስትለው፣ የእሱን ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት አለ።

እልል አለች። ከዚያ በላይ ሳይናገር፣ አፉን ሳይዘጋ፣ ብድግ ብላ እልል አለች። ወሬ ነዋ የለመነችው! ስለቴ ደረሰ እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ጉንጩን፣ ትከሻውን ሳመችው። የመንገዱ ባለሱቅ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እኔም የቴትሮን ጨርቁን ጥቅል ጥዬ እልል እያልኩ ሮጥኩ። ከዚያ የልጁን ፊት አየሁት። ምላሴ አፌ ውስጥ ቀረ። እሷ ትከሻው ላይ ስለሆነች ፊቱን አላየችም፣ እልልታዋን ቀጠለች።

ልጁ ከሄደም በኋላ የነገራትን ነገር እሷ አልደገመችውም፤ እኔ ልድገመው። ጀልባዋ ከየመን ዳርቻ ሳትደርስ ተገለበጠች። ጫምሳ ባዶ ጀሪካን ይዞ ተንሳፍፎ ወጣ። ሲነጋ ባሕሩ የተፋቸውን እየዞረ ሲያይ ልዑልሰገድን አገኘው፤ በእጁ አሸዋ ቆፍሮ ቀበረው። ይሄን ሁሉ መሬት እያየ ነው የተናገረው። ሲጨርስ አሰለፈች ምሳ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። አልበላሁም አላት፤ ሄዳ አበላችው።

እንግዲህ ለቅሶ ትቀመጣለች ብለን ጠበቅን። አልተቀመጠችም። የኢድሩ ሽማግሌዎች በወጉ ሊያረዷት ሌሊት ሲገሰግሱ መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ተነስታ ከፈተችላቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ሻይ አፈላችላቸው። ሰምቻለሁ አለቻቸው። ግን ስለቴን ሳላስገባ አልቅሼ አልቀመጥም፤ የጠየቅኩትን ሰጥታኝ የሷን ሳልሰጥ ማልቀስ እንደ መካድ ነው አለች። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ። የነፍስ አባቷ ጭምር ምን እንደሚሉ ግራ ገባቸው።

እኔ ግን አልተውኳትም። ልቤ አልተቀበለውማ። አንድ ተሰዶ የተመለሰ፣ በረሃ ያናወዘው ልጅ የተናገረው ነገር ወሬ ይባላል ወይ አልኳት። ጨለማ ነበር፣ ባሕር ያሳበጠው ፊት ነው፣ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። አስከሬን አላየሽ፣ ልብሱን አላየሽ። ጥላውን ይዘሽ የሄድሽ ዕለት ግን አዎ ወሬው እውነት ነው፣ ደርሶኛል ማለትሽ ነው፤ ያን ዕለት ልጅሽን የምትቀብሪው አንቺ ራስሽ ነሽ አልኳት።

"እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል" አለችኝ።

ግን መስፋት ጀመረች። እንዲህ ያለ ጥላ ሰፍታ አታውቅም። እኔ ካለኝ ከፋይ ሁሉ ምርጡን፣ ጥቁር ሰማያዊውን ሰጠኋት። ጥልፉን ትጨርስና ትተረትረዋለች፣ እንደገና ትጀምረዋለች። መስቀሉ ጠመመ ትለኛለች፤ ሳየው ምንም አልጠመመም። ገባኝ፤ ጥላው እስካላለቀ ልጇ አለ። እኔም አገዝኳት፤ ዘርፉ ከአዲስ አበባ አልመጣም እያልኩ ባንኮኒዬ ሥር ደብቄ አቆየሁት፣ አላፍርበትም። ይሁንና ኅዳር አይቀርም፣ መጣ። አንድ ቀን ዝም ብላ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዘርፉን ከባንኮኒው ሥር ራሷ አወጣችው። የት እንዳለ ታውቅ ኖሯል።

ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ አብሬያት ተነሳሁ። ገና ሲነጋጋ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ጥላውን በአንሶላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች፤ ግን ዘንጉ ወጥቶ ስለሚታይ ማንም ያውቀዋል። መከራዬ ከዚያ ጀመረ። ረዳቱ እንኳን ደስ ያለሽ እናቴ ብሎ ጋቢና አስቀመጣት። ሞጆ ላይ የገቡ ሴቶች እንኳን ደረሰልሽ አሏት። መቂ ላይ ሽንኩርት የጫኑ ሰዎች እኛንም በጸሎትሽ አስቢን አሏት። ለሁሉም አሜን፣ አሜን ትላለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ምን እንደደረሰላት ጠይቋት እስቲ ልል ይቃጣኛል፣ አስተግፊሩላህ ብዬ እተወዋለሁ።

ባቱ ዳርቻው ላይ ሰው እንደ ጉድ ነበር። ነጭ የለበሰ ሁሉ እየተጋፋ ጀልባ ይጠብቃል። ከእኛ ጎን የተቀመጠችው ዱሬቲ የምትባል የመቂ ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ አማርኛዋ ከኦሮምኛ የተቀላቀለ። ጥላውን አይታ ወደ አሰለፈች ተጠጋች። የእሷ ልጅ አያንቱ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ድምጿ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አንቺስ ምን ጠፍቶብሽ ነበር አለቻት። ልጅ፣ አለች አሰለፈች። የዱሬቲ ዓይን በራ። እጇን ይዛ፣ "ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ምን ብለሽ ተሳልሽ? ቃሉን ንገሪኝ" አለቻት።

እኔ ውሃ ላይ አይሆንልኝም፤ ጀልባዋ ከተነሳች ጀምሮ ጭንቅላቴን ጉልበቴ መሃል ቀብሬ ነበር። አሰለፈች ወሬውን አሰሚኝ አልኳት ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላም ነገር ልትል ነበር መሰለኝ፤ ግን ሞተ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፣ ለእኔም ለማንም። ጥላው ገና አልገባማ። ሴቶቹ ከበሮ መቱ፣ መዝሙር ተጀመረ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ነገሩ በዚያው ተዋጠ። ዱሬቲ ቃሉን በከንፈሯ ትለማመደው ነበር ይሆናል። ያንን አላየሁም።

የቱሉ ጉዶ አቀበት ቀላል አይደለም። የደሴቱ ሰዎች ቤት መሃል አልፈን፣ በድንጋዩና በቁልቋሉ እየዞርን፣ እያረፍን ወጣን። ሌላው ሰው ይዘምራል፣ አሰለፈች ጥላዋን አቅፋ ዝም ብላ ትወጣለች። ልያዝልሽ ብላት እንቢ አለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። መዋሸት አልችልም፣ ያምራል። ሐይቁ በአራቱም ማዕዘን ተዘርግቷል፤ ትንንሾቹ ደሴቶች ታች ተበትነዋል፣ ወዲያ ማዶ የአሉቶ ተራራ፣ በባቱ በኩል የአበባ እርሻዎቹ የፕላስቲክ ጣሪያ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ንዴቴ አገረሸ። እዚህ ቆሞ፣ ይሄን ሁሉ ከእግሩ ሥር እያየ፣ እንዴት ሰው ወሬ ብቻ ይለምናል?

እኔ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቀረሁ። በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተ ውስጡ ይታየኛል። ስለት ያላችሁ ወደፊት ተባለ። አንሶላውን ገለጠች፣ ጥላውን ዘረጋችው፣ ሰዉ በአንድ ትንፋሽ ኧ አለ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ሁሉ ጥላ እንደሱ ያለ አልነበረም። ቄሱ ተቀበሏትና ምን ተደርጎልሽ ነው እህቴ፣ ለምእመናኑ መስክሪ አሏት። አንገቷ ወደ መሬት ነው። እኔ ውጭ ሆኜ፣ መልሺው፣ ይዘሽው ነይ፣ እቤት እንደብቀው እላታለሁ በልቤ።

"የለመንኩትን ሰጥታኛለች" አለች።

ተራራው በእልልታ ተናጋ። ሴቶች እየተጋፉ ዘርፉን እየነኩ ግንባራቸውን ያብሳሉ፣ እሷን እያቀፉ ይስማሉ። ዱሬቲን አየኋት፤ ከሁሉም ቀድማ የዘርፉን ጫፍ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ በሻርፔ ጆሮዬን ጠቅልዬ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። ዝም በሉ፣ ዝም በሉ እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል። አሰለፈች ስትወጣ ባዶ አንሶላዋን አጣጥፋ ይዛ ነበር። እጇ የሚይዘው አጥቶ አንሶላውን ያጣጥፋል፣ ይፈታል፣ ያጣጥፋል። አላለቀሰችም። እንውረድ አለችኝ፣ ወረድን።

በመልሱ ጀልባ ዱሬቲ አሳዳ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ሌላ ሰው ሆናለች፤ ፊቷ ወዝቷል፣ ትስቃለች። የአሰለፈችን ጉልበት መታ መታ እያደረገች፣ "እኔም ልክ እንዳንቺው አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። የአያንቱን ወሬ ብቻ አሰሚኝ አልኳት" አለች።

አሰለፈች ቀና አለች። ሴትየዋን እንደ እብድ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ብድግ አለች፤ ጀልባው ተንገዳገደ፣ ሰው ጮኸ። ወደ ጀልባ ነጂው ዞራ መልሰው አለችው። ምኑን እናቴ? ጀልባውን። አሁኑኑ መልሰው። አሰለፈችን ሳውቃት ከእልልታ ሌላ ድምጿ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም፤ ያኔ ግን ከሞተሩ በላይ ተሰማ። ይቺ ሴት ትመለስ፣ ቃሏን ታንሳ፣ ሌላ ቃል ትናገር። በልጆችህ፣ በእናትህ ሞት፣ መልሰው እግርህን ልሳም እያለች በሰው ላይ እየተረማመደች ወደ ኋላ ሄደች። እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ። በዕድሜዋ ሁሉ ከሰው የለመነችው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ነጂው ወጣት አይደለም፣ ክፉም አይደለም። ነፋሱ ተነስቷል፣ ማዕበሉ እየመጣ ነው፣ ይሄን ሁሉ ሰው ይዤ አልዞርም፣ ወዲያ ያለውም ወረፋ ይጠብቀኛል አላት። እውነቱን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያ ሐይቅ አይታመንም። ሰዉ መቆጣት ጀመረ። አንዷ፣ ስለትሽ ደርሶልሽ፣ ስንት እልልታ ተብሎልሽ፣ ምን ሆንሽ ደግሞ አለቻት።

"ልጄ ሞቷል" አለች አሰለፈች። "ወሬውን ለመንኩ፣ ወሬው መጣ። ባሕር በልቶት በአሸዋ ተቀብሯል። ስለቴ ይሄው ነው።"

ተቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አምጥታ ለቅሶኛ እንደሚለብሰው ለበሰችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ስንት ጊዜ የታመቀ ነገር ነው፣ ከአንጀቷ ነበር። ከበሮው ቆመ። በየመንገዱ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት የዋሉት ሴቶች ደረታቸውን ይዘው አብረዋት አለቀሱ። እኔም የያዝኩትን ተስፋ እዚያው ለቀቅኩት፤ ልዑልሰገዴ፣ ጨርቄ ላይ ተኝቶ ያደገው ልጅ፣ ሞቷል።

ዱሬቲ አላለቀሰችም። ታዲያ እኔ አሁን ምን ልሁን ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። ዞራ ተራራውን አየች፤ እየራቀ ነው። ጥቂት እንደሄድን ከጡቷ ሥር ስልኳን አወጣች። አያንቱ ትደውል ይሆናል ብላ ሌሊትም ቀንም ዘግታው አታውቅም አሉ የመቂ ሴቶች ኋላ። አየችው፣ ከዚያ ዘጋችው።